ለፌቨን ክርስትና ወደ ናይሮቢ

ናይሮቢ የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። ሽርሽር የሚያምርበት ዕድሜዬ አልፏል፤ ወገቤም አይፈቅድልኝም። የሄድኩት አባቴ ስለላኩኝ ነው። ታናሽ እህቴ ሰብለ ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ ሴት ልጅ ወለደች። በእኛ ሥርዓት ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። አባባ ለዚህች ልጅ ሲሉ ለሰፈራችን ማርያም ጃንጥላ ተስለው ስለነበር፣ መወለዷን በሰሙ ሳምንት ስለታቸውን አስገቡ። የቀራቸው ክርስትናዋን መስማት ብቻ ነበር።

ሰብለ በደርግ ጊዜ ድንበር አቋርጣ ኬንያ ገብታ እዚያው የቀረች ናት። ጴንጤ መሆኗን እኔ አውቃለሁ፣ አባባም ያውቃሉ፣ እሷም ማወቃችንን ታውቃለች። ነገር ግን በቤታችን አንድም ቀን ተነሥቶ አያውቅም። አባባ በስልክ፣ «ክርስትናው መቼ ነው?» ሲሏት፣ «እግዚአብሔር የፈቀደ ቀን ነዋ፣ አባባ» አለቻቸው። እሳቸው እሺ እንዳለቻቸው ቆጠሩት። እኔ ጠርጥሬ ነበር። ግን የሽማግሌ ደስታ ማን ያፈርሳል? ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኩት። ከምሠራበት መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪናዬን ሸፍኜ የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ። አባባ እዚያው ሰፈራችን ሽሮ ሜዳ ካለ ሸማኔ ያሠሩትን ትንሽ ነጭ ቀሚስና የአንገት ማተብ በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝና፣ ግንባሬን ስመው ሸኙኝ።

እስከ ሞያሌ

አውቶቡስ ተራ የደረስኩት ገና ሳይነጋ ነው። እስከ ሞያሌ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ያውም መኪናው ካልተበላሸ። የመጀመሪያውን ቀን ዲላ አደርን። የሆቴሉ አልጋ ርካሽ ነበር፤ ቁንጫው ደግሞ በነጻ። ጠዋት ቡናውንና እንሰቱን እያየን ወደ ሀገረ ማርያም ወጣን፤ ከዚያ በኋላ አረንጓዴው እየሳሳ ሄደ። ያቤሎን ስናልፍ መሬቱ ቀይ ሆነ፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተገትሯል። አቧራው በተዘጋ መስኮት ሳይቀር ገብቶ ነጠላዬን ቡናማ አደረገው።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሞያሌ ልብስ የምትነግድ ዘሀራ የምትባል ሴት ነበረች። ጨዋታ አዋቂ ናት፤ ብስኩቷን አካፈለችኝና ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«ማሻ አላህ! እህትሽ ኦርቶዶክስ ናት?»

«አይደለችም። ጴንጤ ሆናለች።»

«ታዲያ ክርስትናውን እሺ ብላለች?»

«አልጠየቅኋትም። ነውር ይሆናል ብዬ።»

ዘሀራ በሻርፕዋ ጫፍ ዓይኗን እስክትጠርግ ድረስ ሳቀች። «ይህን ሁሉ መንገድ ሳትጠይቂ! እኔ አንድ ሱሪ ለመሸጥ እንኳ ገዢው መኖሩን ጠይቄ ነው የምሄደው» አለች። እኔም ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን አልሳቀም። ሞያሌ እስክንገባ ድረስ የተኛሁ መስዬ ተቀመጥኩ።

በጭነት መኪና

ድንበሩን በእግሬ ነው የተሻገርኩት። ፓስፖርቴ ላይ ማኅተም ከተመታ በኋላ ወደ ኢሲዮሎ የሚሄድ ከብት የጫነ መኪና አገኘሁ። ወንዶቹ ከላይ ብረቱን ጨብጠው ይንጠለጠላሉ፤ ከሥራቸው በሬዎቹ ይተነፍሳሉ። እኔ ጨመር አድርጌ ከፍዬ ጋቢና ገባሁ፤ የጋቢናውም ወንበር ቢሆን ስፖንጁን የጨረሰ ብረት ነው። በሽፍታ ምክንያት መኪናዎቹ ተሰባስበው፣ መሣሪያ የያዘ ፖሊስ ጭነው ነው የሚጓዙት። ከሞያሌ ወዲያ ያለው ሜዳ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብትነዳ ያው ድንጋይ። መኪናው በዘለለ ቁጥር ጭንቅላቴ ጣሪያውን ይመታል። ሹፌሩ ዘወር እያለ፣ «ፖሌ፣ ማማ፣ ፖሌ» ይለኛል። አይዞሽ ማለቱ ነው። ሌላ የምንግባባበት ቋንቋ አልነበረንም፤ ይቺኑ ቃል እየተቀባበልን ሄድን።

ማርሳቢት ብርዱ የአገሬን ደጋ አስታወሰኝ። ኢሲዮሎ ስንደርስና አስፋልት ሳይ ወርጄ ልስመው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ በሚኒባስ፣ የስንዴውን እርሻና በደመና የተሸፈነውን ተራራ እያለፍን፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ናይሮቢ ገባሁ። የአቧራዬ ነገር! ሰብለ አቅፋ ስትስመኝ ጉንጯ ላይ ምልክት ቀረ።

ሳውዝ ሲ

እህቴና ባሏ ጌታሁን የሚኖሩት ሳውዝ ሲ ከሞምባሳ መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአንድ ትልቅ ግቢ ጀርባ በተሠራች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ማታቱ በሚሉት፣ ሙዚቃው ጆሮ በሚያደነቁር ሚኒባስ ተሳፍረን ደረስን። ሕፃኗ ተኝታ ነበር። ፌቨን ብለዋታል። ስሙን አባባ በስልክ ሲሰሙ፣ «ምን ዓይነት ስም ነው?» ብለው ሁለት ጊዜ አስደግመዋት ነበር። ሳያት እንባዬ መጣ፤ ግንባሯ የሟቿ እናታችን ነው።

ጌታሁን ዌስትላንድስ አንድ ቢሮ ውስጥ ይሠራል፤ «የመኪና ጃም ይዞኝ ነው እትዬ፣ ሳሪ» እያለ ራት ሰዓት ላይ ደረሰ። ሰብለ ቅቤ ያልነካው ምስርና ጎመን አቀረበች። እሷ ረቡዕን ከጾመች ስንት ዓመት ሆኗት! ያን ቀን ግን ለእኔ ሲሉ ሁለቱም የጾም በሉ። ጌታሁን ዓይኑን ጨፍኖ ረዥም ጸሎት ሲያደርስ እኔም አቀርቅሬ ጠበቅኩ፤ እኔ ሳማትብ እነሱም ጠበቁኝ። እንዲህ መከባበራችን ደስ አለኝ። ከራት በኋላ ፌስታሉን ከፍቼ ቀሚሱንና ማተቡን አወጣሁ። «እንዴት ያምራል፣ እትዬ!» አለች ሰብለ። አጣጠፈችና ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጠችው። ዓይኔን ግን አላየችኝም።

በማግሥቱ ማታ ሻይ ይዘን ተቀምጠናል። ጌታሁን ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ ፋንታዬ፣ ስለ ክርስትናው ነገር እንድንነጋገር ፈልጌ ነበር። እኔና ሰብለ—»

«ጌታሁን፣ ሻይህ ቀዘቀዘብህ» አለች ሰብለ።

ሻዩ ይጨሳል። እኔም ብሆን ከእሷ አልተሻልኩም፤ «የዚህ አገር ሻይ ደግሞ ወተቱ ብዛቱ!» ብዬ ጣልቃ ገባሁ። ጌታሁን አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየና የሚያቃጥለውን ሻይ መጠጣት ጀመረ። እንደዚያ ቀን ይሉኝታ አስጠልቶኝ አያውቅም። ቢሆንም ወሬውን ወደ ናይሮቢ ዝናብ ያዞርኩት እኔው ነኝ።

ኪሌሌሽዋ

ዓርብ ዕለት የክርስትና እናት ትሆናለች ወደተባለችው ወደ ወይዘሮ አስካለ ሄድኩ። አስካለ የድሮ ጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ኪሌሌሽዋ ውስጥ አንድ ቪላ ተከራይታ ምግብ ቤት ከፍታለች። አባባ በስልክ ሲጠይቋት ደስ ብሏት ነው የተቀበለችው። ዓርብ ስለሆነ በየጠረጴዛው ሽሮና ሱፍ ፍትፍት ነው። ሳቂታ ናት፤ አስተናጋጆቿን በስዋሂሊ እየተቆጣች ለእኔ በአማርኛ ትስቃለች።

«ነገሩን ለሰብለ አንሥተሽላታል?» አለችኝ።

«አላነሣሁም።»

«ደግ አደረግሽ! ካነሣሽው እምቢ ትላለች፤ እምቢ ካለች በኋላ ደግሞ ድፍረት ይሆናል። አሁን ግን ሀኩና ሺዳ፤ ችግር የለም። እሑድ እነሱ ወደ ጸሎታቸው ሲሄዱ፣ ልጅቷን ጉንፋን ይዟታልና እኔ ጋ ትዋል በይ። እኔ ታክሲ ይዤ እመጣለሁ። ቄሱን ነግሬያቸዋለሁ። ሳይመለሱ ተጠምቃ፣ ሜሮን ተቀብታ፣ ቆርባ አልጋዋ ላይ ትተኛለች። ማተቡን ፈትተሽ ቦርሳሽ ውስጥ ትከቺዋለሽ።»

ደነገጥኩ። «ወላጆቿ ሳያውቁ?»

«ሁለት ልጆች እንዲሁ አስነሥቻለሁ። ወላጆቻቸው እስከ ዛሬ አያውቁም። እስቲ አስቢው፤ ለእህትሽ እውነቱን ብትነግሪያት እሷም ትጨነቃለች፣ አባታችሁም ያዝናሉ። ባትነግሪያት ሁሉም ደስ ብሎት ይኖራል። ማን ተጎዳ?»

መልስ አላገኘሁም። ሸር ሠርታ አይደለም፤ ለልጅቱ ነፍስ ከልቧ ትጨነቃለች። እኔም እጨነቃለሁ። በዚያ ላይ ደክሞኝ ነበር፤ የደከመው ሰው ደግሞ አጭሩን መንገድ ይወዳል። ልሰናበት ስነሣ በሩ ላይ እጄን ያዘችኝ።

«አንድ ነገር ብቻ እንዳትረሺ። ስለምትቆርብ ከንጋት ጀምሮ ጡት እንዳትጠባ። እሱ ያንቺ ሥራ ነው።»

እሑድ

ፌቨን ጉንፋኑ እውነትም ይዟት ነበር፤ ውሸት ለመፍጠር እንኳ አልደከምኩም። ሰብለ ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመዘምራኑ ጋር ልትቆም ስለሆነ፣ ጌታሁንን ይዛ በጠዋት ለልምምድ ትወጣለች። ልጅቷ እኔ አልጋ ላይ ናት። ሰብለ ልታጠባት መጣች።

«አሁን ገና ነው ያሸለበችው» አልኳት። «አፍንጫዋ ታፍኖ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም፤ አትቀስቅሻት።»

ሰብለ ቆም አለች። ደረቷን በክንዷ ደገፍ አድርጋ፣ «ሞልቶ አሞኛል እኮ። ይሁን፣ ቶሎ እመለሳለሁ» አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሳመችኝና፣ «አንቺ ባትኖሪ ለማንም ትቻት አልወጣም ነበር» ብላኝ ሄደች። የግቢው በር ሲዘጋ ፌቨን ዓይኗን ገልጣ ታየኝ ነበር።

ቀሚሱን አለበስኳት። መጠኑ ልክ ነው፤ አባባ ሳያዩአት እንዴት እንደገመቱት እንጃ። ወዲያው ማልቀስ ጀመረች። አዘልኳት፣ እሹሩሩ አልኳት፣ ግቢው ውስጥ አዞርኳት። አንገቴን፣ ትከሻዬን፣ የነጠላዬን ጥለት ሳይቀር በአፏ ትፈልጋለች። የእኔ ልጆች አድገዋል፤ ምን ልሰጣት እችላለሁ? ልቅሶዋ እየጠነከረ ሄዶ ድምፅዋ ተዘጋ። ያን ጊዜ አስካለ ነጠላዋን አጣፍታ ታክሲ ይዛ ደረሰች።

«ነይ ፍጠኚ! ቄሱ ይጠብቁናል።»

«ርቧታል» አልኩ።

«ትንሽ ትታገሥ። ክርስትና ሲነሣ ያላለቀሰ ልጅ አለ እንዴ?»

«እናቷ ጋ እንውሰዳት፣ አስካለ።»

ሹፌሩን «ሱቢሪ ኪዶጎ»፣ ትንሽ ጠብቅ ብላው ወርዳ ፊቴ ቆመች። «ምን አልሽ?»

«ጡቷን የከለከልኳት ዋሽቼ ነው። እናቷ ደረቷን እያመማት እኔን አምና ሄደች። ከዚህ በኋላ የማደርገው ሁሉ ከዚያ ውሸት የሚቀጥል ነው፤ ለእግዚአብሔርም ቢሆን ይህን ይዤ አልቀርብም።»

«ሳትጠመቅ ብትቀርስ? አንቺ ለእውነት ስትቆረቆሪ ይህች ነፍስ ሜዳ ላይ ብትቀር፣ ኋላ ምን ብለሽ ልትመልሺ ነው?»

«አላውቅም። በጣም ያስፈራኛል» አልኩ። እውነቴን ነበር።

አስካለ አየችኝ፤ ልጅቷን አየች። የተቆጣ ፊቷ ሳይፈታ የታክሲውን በር ከፈተችልኝ። «በረሃብ ብትሞት ደግሞ የሁለታችንም ኃጢአት ነው። ግቢ!»

የጸሎት ቤታቸው የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። በር ላይ ስንደርስ ጊታርና ጭብጨባ ይሰማል። ነጠላዬን እንዳጣፋሁ፣ በክርስትና ቀሚስ የተጠቀለለች የምታለቅስ ልጅ ታቅፌ ስገባ የኋላ ወንበሮቹ በሙሉ ዞሩ። ሰብለ ከመዘምራኑ መካከል ነበረች። መጀመሪያ ልጅቷን፣ ቀጥሎ ቀሚሱን አየች። አፏ መዝሙሩን ተወው። ወርዳ ልጅቷን ተቀበለችኝና ከጓሮ ወዳለች ትንሽ ክፍል ገብተን በሩን ዘጋች።

ፌቨን ስትጠባ ድምፅዋ ይሰማ ነበር። ሰብለ ከዚያችው ከልጅቷ ላይ ዓይኗን ሳታነሣ ጠየቀችኝ።

«ከንጋት ጀምሮ ጡት አልነካችም?»

«አልነካችም።»

እሷም በዚያው ሥርዓት ያደገች ናት፤ ሌላ ማስረዳት አላስፈለገኝም። «ልታቆርቧት ነበር» አለች።

«አዎ።»

«ብታደርጉት እኔ አላውቅም ነበር።»

«አታውቂም ነበር።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ራባት» አልኳት።

ትጮኽብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸችም፤ ከቁጣ ይልቅ የደከማት ትመስል ነበር። «አናስጠምቃትም፣ እትዬ» አለች። «አድጋ፣ ራሷ አምና፣ ያን ጊዜ ትጠመቃለች። ቆርጠናል።»

ያን ጊዜ የእኔ ቁጣ መጣ። «ይቺን አንድ ዐረፍተ ነገር ለአባባ በስልክ ብትያቸው ምን ነበረበት? ከበሬ ጋር ተጭኜ፣ ጭንቅላቴ ከጣሪያ ሲጋጭ የመጣሁት እኮ ይቺን ለመስማት ነው!»

«አባባን ማስቀየም ፈራሁ።»

«እኔንስ?»

«አንቺማ ትችይዋለሽ ብዬ ነው» አለች።

የታላቅነት ትርፉ ይህ ነው። ልስቅ ይሁን ላልቅስ ሳላውቅ ጌታሁን በሩን ከፍቶ ገባ። ቀሚሱን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «ሕፃን ምን አምና ነው የምትጠመቀው? ያለ እምነት ውሃ ውሃ ነው!» አለ ጮክ ብሎ።

«ስሟን ስታወጣላት ጠይቀሃታል?» አልኩት። «አንተንም ያኖረህን፣ አባቶችህ የሞቱበትን ነገር፣ ውሃ ነው አትበለኝ!»

የሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ። በደግ ቃል ልነግርዎት ነበር ያሰብኩት። አፌን ይዤ ሰንብቼ፣ ሲወጣ እንዲህ ሆኖ ወጣ።» እኔም ይቅርታ ጠየቅኩት። ከዚያ ሻይ ቀዘቀዘ የሚል ሰው ሳይኖር ተነጋገርን። አልተስማማንም። እሱ በእምነቱ፣ እኔም በእምነቴ ነን። ግን ከመጣሁ ጀምሮ ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ቀለል አለኝ።

ስንወጣ አስካለ አዳራሹ በር ላይ ቆማ፣ ከሴቶቹ ጋር ስለ ጤፍ መወደድ ታወራለች። ሻይ ቢያቀርቡላት፣ ቅዳሴ ልታስቀድስ ሳትቀምስ የወጣች ናትና አልወሰደችም። ሰብለን ሰላም አለቻት እንጂ ከእኔ ጋር እስክለያት ድረስ አልተናገረችም።

ሰብለ፣ «ለአባባ ያንቺ ፈንታ ነው፤ እንደሚመችሽ ንገሪልኝ» አለችኝ። «አልነግርልሽም» አልኳት። ሰኞ ከተማ ወርደን ከስልክ ቤት ደወልን። አባባን ከጎረቤት ስልክ ጠሩልን። ሰብለ አንዴም ሳታቋርጥ፣ ድምፅዋ እየተሰበረ፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። እኔ መስታወቱ ውጭ ቆሜ ነበር። ስልኩን ስትዘጋ ምን አሉ ብዬ ጠየቅኋት።

«‹ሰማሁ› አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።»

መንገድ ላይ እንደ ልጅ አለቀሰች። ቀሚሱን ልመልስልሽ ወይ ስትለኝ፣ ልብስ ነው፣ ይሙቃት አልኳት። ማተቡን ብቻ ይዤ ተመለስኩ።

መመለስ

በመልሱ የጫነን መኪና ጎማ ጥቁሩ ድንጋይ መካከል ፈንድቶ አንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ዋልን። ከዚያች «ሰማሁ» ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። አባባ ምን ሆነው ይሆን? ደግሞ የሚያበሳጨኝ፣ አስካለ ማን ተጎዳ ብላ ስትጠይቀኝ መልስ ማጣቴ ነበር። አሁን ቢያንስ የተጎዱትን ስማቸውን እየጠራሁ መቁጠር እችላለሁ። እውነቱን ተናግረን ሽማግሌ አሳዝነናል። ታዲያ ይህ ከዚያ በምን ተሻለ? አክብሮት ነው እያልን የተሸከምነው አብዛኛው ፍርሃት እንደነበር ገብቶኛል። እውነት ብለን የወረወርነውም ንዴት ነበረበት። ከዚህ የበለጠ ትምህርት የፈለገ በጭነት መኪና ይሂድና ይማር፤ እኔ ይህን ያህል ነው ያገኘሁት።

ሽሮ ሜዳ ስደርስ አባባ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። የከሱ መሰለኝ። ስለ መንገዱ ጠየቁኝ፤ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። ራት ከበላን በኋላ ነው ቀስ ብለው የጠየቁኝ።

«ማንን ትመስላለች?»

«እማዬን። ግንባሯ ቁርጥ እሷን ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ፣ «ብትዋሹኝ ይሻለኝ ነበር» አሉ። አልተቆጡም። እኔም አላስተባበልኩም፤ እሳቸውም እውነታቸውን ነው የተናገሩት። ተነሥተው ወደ መኝታቸው ሄዱ።

አባባ ሁልጊዜ ማለዳ ወደ ምሥራቅ ዞረው ይጸልያሉ። መጨረሻ ላይ የቤተሰቡን ሰው ሁሉ በየስመ ክርስትናው እየጠሩ ለእግዚአብሔር ያሳስባሉ። ከግድግዳው ወዲያ ሆኜ እሰማለሁ። በማግሥቱ እናታችንን ጠሩ፤ እኔን ወለተ ማርያም አሉ፤ ልጆቼን በየተራ ጠሩ። ሰብለን ወለተ ሥላሴ አሉ፤ እሷ ስሙን ከተወችው ዓመታት ቢያልፉም አልዘለሏትም። ከዚያ ጸጥ አሉ። የምትቀጥለዋ ስመ ክርስትና የላትም፤ በእሳቸው ትምህርት ያልተጠመቀ ሰው በዚያ ጸሎት አይጠራም። ጸጥታው ስለረዘመ ከአልጋዬ ቀና ብዬ ጠበቅኩ። አባባ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«የወለተ ሥላሴን ልጅ» አሉ። ለአፋቸው ስለማይመች እየቆራረጡ፣ ግን ሳይሳሳቱ፣ «ፌቨንን» አሉ።

አልጋዬ ላይ እንዳለሁ አሜን አልኩ።